ኮምፒውተር በድንገት ሲበላሽ በብራውዘር የተቀመጠ መረጃን መልሶ ስለማግኘት

በድሬዳዋ ከተማ ፓስፖርት የሚያወጣ ነዋሪ ማመልከቻውን የሚያስገባው፣ ነጋዴው የንግድ ፈቃዱን የሚያድሰው፣ አስመጪውና የጉምሩክ አስተላላፊውም ሰነዳቸውን የሚያቀርቡት ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጥ በኮምፒውተር፣ በብራውዘር አማካይነት ሆኗል። ብራውዘር እንደ ጉግል ክሮም፣ ሞዚላ ፋየርፎክስና ማይክሮሶፍት ኤጅ ያሉት፣ ድረ ገጽ ለመክፈት የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ይህ ፕሮግራም በአገልግሎት ዘመኑ የተቋማቱን አድራሻ፣ የተጠቃሚውን መለያ ስምና የይለፍ ቃል እያስታወሰ ስለሚሄድ፣ ተጠቃሚው እነዚህን በቃሉ መያዝም ሆነ በወረቀት መጻፍ ይተዋል። በመሆኑም መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሣ ካለ፣ ወይም ተነሥቶ ብራውዘሩ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ የጀመረው ጉዳይ ሁሉ አብሮ የጠፋ ይመስለዋል።

በአብዛኛው ግን አልጠፋም። ብዙ ጊዜ መረጃው ለዘለቄታው የሚጠፋው በብልሽቱ ሳይሆን፣ ከብልሽቱ በኋላ በጥድፊያ በሚወሰደው እርምጃ ነው። ከእነዚህ እርምጃዎች ዋነኛው የሃርድ ዲስኩ ይዘት ሳይገለበጥ ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ ነው። ይህ ጽሑፍ የትኛው መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው እንደሚመለስና የትኛው እንደማይመለስ፣ የማይመለሰውንም በየተቋሙ በኩል እንዴት መተካት እንደሚቻል ያስረዳል።

የተቋሙ መዝገብና የብራውዘሩ ማስታወሻ

አንድ ተገልጋይ ማመልከቻውን ሞልቶ ከላከና የማመልከቻ ቁጥር ከተቀበለ በኋላ፣ ጉዳዩ የሚገኘው በተቋሙ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ነው። ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የቀረበ የፓስፖርት ጥያቄ፣ በንግድ ምዝገባ ሥርዓት የገባ የፈቃድ እድሳት ወይም በጉምሩክ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የቀረበ ሰነድ የተገልጋዩ ኮምፒውተር ቢቃጠል እንኳን ባለበት ይቆያል። የተከፈለ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ክፍያውን የመዘገበው ባንኩ ወይም ቴሌብር እንጂ ብራውዘሩ አይደለም፤ ማረጋገጫውም በአጭር መልእክት ወደ ከፋዩ ስልክ የተላከ በመሆኑ የግብይት ቁጥሩ ከዚያ ይገኛል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ ብቻ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ወይም ሁለተኛ ጊዜ መክፈል አይገባም። አንድ ሰው በሁለት ማመልከቻ ሲመዘገብ የትኛው እንደሚሠራ እስኪጣራ የሚያጠፋው ጊዜ፣ የቀድሞውን ቁጥር ለማፈላለግ ከሚያጠፋው ጊዜ ሊበልጥ ይችላል።

በብራውዘሩ ውስጥ የሚቀመጠው የተገልጋዩ የራሱ ማስታወሻ ነው፦ የተጎበኙ ገጾች ታሪክ፣ በቡክማርክ የተያዙ አድራሻዎች፣ የይለፍ ቃላት፣ ቅጽ ሲሞላ በራሳቸው የሚገቡ ስምና አድራሻዎች፣ እንዲሁም ክፍት የነበሩ ገጾች ዝርዝር። እነዚህ ሁሉ በኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ እንደማንኛውም ፋይል ተቀምጠዋል። ከድረ ገጽ የወረደ ደረሰኝ ወይም ቅጽ ግን ከብራውዘሩ ውጭ፣ ‹ዳውንሎድስ› በሚባለው ፎልደር ስለሚቀመጥ ብራውዘሩ ቢጠፋም አብሮ አይጠፋም።

በከፊል ተሞልቶ ሳይላክ የቀረ ቅጽ ከሁለቱም ወገን የለም። ተቋሙ አልተቀበለውም፤ ብራውዘሩም ብዙውን ጊዜ አያስቀምጠውም። ፋየርፎክስም ሆነ ክሮም ከብልሽት በኋላ ገጹን ሲመልሱ አንዳንድ የተጻፉ ቃላትን አብረው ሊመልሱ ይችላሉ፤ ነገር ግን የመንግሥት አገልግሎት ገጾች ለደኅንነት ሲባል ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ተጠቃሚውን ስለሚያስወጡ በዚህ መተማመን አይቻልም። ገጹ ‹ረቂቅ አስቀምጥ› የሚል ምርጫ ካለው በየመካከሉ መጠቀም፣ ከሌለው ረጅም መልሶችን አስቀድሞ በሌላ ፋይል ጽፎ መገልበጥ ይመከራል።

ከብልሽቱ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት

ኮምፒውተሩ ከተነሣና ብራውዘሩ ከተከፈተ በቅድሚያ የሚታየው መልእክት በጥሞና መነበብ አለበት። ክሮምና ኤጅ በአግባቡ ሳይዘጉ ሲቀሩ የነበሩት ገጾች ይመለሱ እንደሆነ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ያሳያሉ። ሳጥኑ በስሕተት ከተዘጋ ‹ኮንትሮል›፣ ‹ሺፍት› እና ‹ቲ› የተባሉትን ቁልፎች በአንድ ጊዜ መጫን የተዘጉ ገጾችን፣ አንዳንዴም ሙሉውን መስኮት ይመልሳል። በፋየርፎክስ ‹ሂስትሪ› ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ያለፈውን ክፍለ ጊዜ የሚመልስ ምርጫ አለ። ይህ ካልሠራ ብራውዘሩን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት አይገባም፤ ብራውዘሩ የሚያቆየው የቅርቦቹን ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ አዲስ መክፈትና መዝጋት የድሮውን መዝገብ ወደ መጥፋት ያቀርበዋል።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ሁኔታ አለ። ዊንዶውስ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ የተጠቃሚውን ፎልደር ማንበብ ሲያቅተው ጊዜያዊ ፕሮፋይል ፈጥሮ ያስገባል። በዚህ ጊዜ የዴስክቶፑ ፋይሎች አይታዩም፣ ብራውዘሩ ገና እንደተጫነ ያህል ባዶ ይሆናል፣ የጀርባ ምስሉም ይለወጣል። ጊዜያዊ ፕሮፋይል መከፈቱን የሚገልጽ መልእክትም በማያ ገጹ ጥግ ሊታይ ይችላል። እውነተኛው መረጃ በቦታው አለ። በጊዜያዊው ፕሮፋይል ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሥራ ሲወጣ ስለሚጠፋ ምንም ሳይሠሩ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይስተካከላል። ካልተስተካከለም ፋይሎቹን ገልብጦ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው እንጂ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ አንድ ነው፦ የተጠቃሚውን ሙሉ ፎልደር ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ። ይህ ፎልደር በሲ ድራይቭ ውስጥ ‹ዩዘርስ› ከሚለው ሥር በተጠቃሚው ስም ተሰይሞ ይገኛል። በውስጡ ‹አፕዳታ› የሚባል ፎልደር አለ፤ ዊንዶውስ ስለሚደብቀው ‹ቪው› በሚለው ምርጫ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። የክሮም መረጃ የሚገኘው በአፕዳታ ሥር ‹ሎካል›፣ ‹ጉግል›፣ ‹ክሮም›፣ ‹ዩዘር ዳታ› እያሉ በመግባት ሲሆን፣ የኤጅም በዚያው በ‹ሎካል› ሥር ‹ማይክሮሶፍት› ቀጥሎም ‹ኤጅ› በሚለው ውስጥ ነው። ፋየርፎክስ ደግሞ በ‹ሮሚንግ›፣ ‹ሞዚላ›፣ ‹ፋየርፎክስ›፣ ‹ፕሮፋይልስ› ሥር ያስቀምጣል። ስሞቹ በኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፈው ይታያሉ። በሚገለበጥበት ጊዜ ብራውዘሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። ቅጂው ከመወሰዱ በፊት የሚደረግ ማናቸውም ጥገና፣ ‹ማጽጃ› በሚል ስም የሚጫኑ ፕሮግራሞችን ጨምሮ፣ ቢቀር ይሻላል።

ቡክማርክና ታሪክ

ለመመለስ ቀላሉ ቡክማርክ ነው። ክሮምና ኤጅ ‹ቡክማርክስ› ከተባለው ፋይል አጠገብ ተመሳሳይ ስም ያለው፣ መጨረሻው ላይ ‹ባክ› የሚል ቅጥያ የተጨመረበት መጠባበቂያ ያስቀምጣሉ። ዋናው ፋይል ከተበላሸ ሁለቱንም ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ብራውዘሩ ዝግ እንደሆነ ቅጥያውን አንሥቶ መጠባበቂያውን በዋናው ቦታ መተካት ይቻላል። መጠባበቂያው አንድ ብቻ በመሆኑና በቀጣይ አጠቃቀም ጊዜ በአዲሱ ስለሚተካ መዘግየት አይገባም። ፋየርፎክስ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ እስከ 15 የሚደርሱ መጠባበቂያዎችን ስለሚያቆይ፣ ተጠቃሚው ከቡክማርክ ማስተዳደሪያው ውስጥ ቀኑን መርጦ መመለስ ይችላል።

የጉብኝት ታሪክ የሚጠቅመው በዋናነት የተረሳ አድራሻ ለማግኘት ነው። ክሮም በኮምፒውተሩ ላይ የሚያቆየው የ90 ቀን ታሪክ ብቻ ሲሆን ከዚያ የቆየውን በራሱ ይሰርዛል። በድብቅ መስኮት የተከፈተ ገጽ በታሪክ ውስጥ አይመዘገብም፤ በመሆኑም ከብልሽት በኋላ መፈለጉ ጊዜ ማባከን ነው።

ቡክማርካቸው የጠፋባቸው ተገልጋዮች የተቋሙን ገጽ በፍለጋ ማግኘት ሲሞክሩ የሚደርስባቸው አደጋ ከቡክማርኩ መጥፋት የከፋ ሊሆን ይችላል። በፍለጋ ውጤት ውስጥ የተቋሙን ስምና ዓርማ የሚጠቀሙ የደላላና የማጭበርበሪያ ገጾች ሊቀላቀሉ ይችላሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት አድራሻ በአብዛኛው የሚያበቃው ‹ጎቭ ነጥብ ኢቲ› በሚለው ነው። የይለፍ ቃል፣ የፋይዳ ቁጥር ወይም የክፍያ መረጃ ከማስገባት በፊት አድራሻውን እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ፣ ጥርጣሬ ካለም በድሬዳዋ የሚገኘውን የተቋሙን ቅርንጫፍ በአካል መጠየቅ ተገቢ ነው።

የይለፍ ቃላት

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የተሳሳተ ግምት ስላለ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ክሮምና ኤጅ የይለፍ ቃላትን እንደ ተራ ጽሑፍ አያስቀምጡም። በዊንዶውስ ላይ ቃላቱ የሚቆለፉት ከተጠቃሚው የዊንዶውስ አካውንት ጋር በተሳሰረ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። የብራውዘሩን ፎልደር ገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውሰድ ቡክማርኩንና ታሪኩን ሲመልስ የይለፍ ቃላቱን የማይመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደ አዲስ ቢጫንም ውጤቱ ያው ነው፤ የተጠቃሚው ስም አንድ ዓይነት ቢሆንም ቁልፉ ሌላ ሆኗል።

ይህ አሠራር ሌባ ሃርድ ዲስኩን ቢያገኝ የይለፍ ቃላቱን በቀላሉ እንዳያነብ የተደረገ ጥበቃ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ግን በጥገና ቤት ነው። ለምሳሌ በመጋላ አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ የኮምፒውተሩን የመግቢያ ቃል ረስቶ ወደ ጥገና ቢወስደውና ባለሙያው የመግቢያ ቃሉን ከውጭ በማጥፋት ቢከፍትለት፣ ኮምፒውተሩ ይከፈታል፤ በብራውዘሩ የተቀመጡት የይለፍ ቃላት ግን ላይነበቡ ይችላሉ። ከመስመር ውጭ በሆነ የዊንዶውስ አካውንት የመግቢያ ቃሉ በኃይል ሲለወጥ ቁልፉ የሚከፈተው በቀድሞው ቃል ብቻ ስለሆነ ነው። የቀድሞው የመግቢያ ቃል ከታወሰና ሙሉው የተጠቃሚ ፎልደር ከተገለበጠ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ቁልፉን የሚፈታበት ዕድል አለ። ከላይ የብራውዘሩ ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚው ሙሉ ፎልደር ይገልበጥ የተባለውም ቁልፎቹ ከብራውዘሩ ውጭ በዚሁ ፎልደር ሌላ ክፍል ስለሚቀመጡ ነው።

ፋየርፎክስ የተለየ መንገድ ይከተላል። የይለፍ ቃላቱንና የሚከፈቱበትን ቁልፍ ሁለቱንም በፕሮፋይሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ሙሉው ፕሮፋይል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከተዛወረ ቃላቱም አብረው ይሄዳሉ። ይህ ለተጠቃሚው ምቹ ቢሆንም፣ ዋና የይለፍ ቃል ያላበጀ ሰው ፎልደሩን በሰጠው ሰው ሁሉ እጅ ምስጢሩን እንደሰጠ መቁጠር አለበት።

ለብዙ የድሬዳዋ ነዋሪ አጭሩ መንገድ ያለው በእጁ በያዘው ስልክ ነው። በክሮም ላይ በጉግል አካውንት ገብቶ ሲንክ ከፍቶ የነበረ ሰው፣ የይለፍ ቃላቱና ቡክማርኮቹ ከአካውንቱ ጋር ስለተያያዙ በዚያው አካውንት በሚሠራ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ሊያገኛቸው ይችላል። በስልኩ ‹ሴቲንግ› ውስጥ ጉግል በሚለው ሥር የይለፍ ቃል ማስተዳደሪያው ይገኛል። ብዙ ተጠቃሚ ይህን ማብራቱን እንኳን ስለማያስታውስ፣ ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት ስልኩን መመልከት ዋጋ አለው። ሲንክ ግን መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። በኮምፒውተሩ በእጅ የተሰረዘ ቡክማርክ ከስልኩም ላይ ይሰረዛል። ፋየርፎክስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የሞዚላ አካውንቱን የይለፍ ቃል ረስቶ ያለ መመለሻ ቁልፍ ቢለውጥ፣ በማዕከል የተቀመጠው መረጃ ሊጠፋ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ መረጃው የተቆለፈው በቀድሞው ቃል ነበርና።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ ካልተነሣ

ኮምፒውተሩ አለመነሣቱ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በኃይል መዋዠቅ በቅድሚያ የሚጎዱት ብዙ ጊዜ ኃይል ሰጪው ክፍልና ዋናው ቦርድ ናቸው፤ ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲገጠም ፋይሎቹ ሙሉ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ዲስኩ የሚንኳኳ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ ከኃይል መነቀል አለበት፤ ደጋግሞ ማስነሣት ውስጡን ይፍቀዋል። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች የሚገኘው ኤስኤስዲ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ፈጣንም ነው፤ ነገር ግን የተሰረዙ ፋይሎች ይዘው የነበረውን ቦታ በራሱ ስለሚያጸዳ ከእርሱ ላይ የተሰረዘን ፋይል በማገገሚያ ፕሮግራም ማውጣት ከድሮው ሃርድ ዲስክ ይልቅ እጅግ የከበደ ነው።

አንዳንድ ኮምፒውተሮች ዲስካቸው በ‹ቢትሎከር› የተቆለፈ ነው። እነዚህ በሌላ ማሽን ሲከፈቱ ወይም ዋና ቦርዳቸው ሲቀየር 48 አኃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃሉ። ቁልፉ አካውንቱ ሲከፈት በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል በሌላ መሣሪያ ገብቶ መፈለግ ያሻል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ሊይዘው ይችላል። ያለ ቁልፉ ዲስኩን የሚከፍት ባለሙያ አገኛለሁ ብሎ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ዊንዶውስ አስቀድሞ እንደ አዲስ ተጭኖ ቢሆን፣ ዲስኩ ፎርማት ሳይደረግ ከተጫነ የቀድሞው ይዘት ‹ዊንዶውስ ኦልድ› በሚል ፎልደር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ይህ ፎልደር ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚሰረዝ በዚያው ቀን መገልበጥ ይገባል።

ኮምፒውተሩን ለጥገና የሚሰጥ ተገልጋይ ለባለሙያው በግልጽ፣ ከተቻለም በደረሰኙ ላይ ተጽፎ፣ ሁለት ነገር ማሳወቅ አለበት፦ ሳይገለበጥ ምንም እንዳይሰረዝ፣ የግል ፋይሎቹም ከጥገናው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይከፈቱ። ይህን መጠየቅ ባለሙያውን መጠርጠር አይደለም፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ መግባት በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታ አያያዝን በሕግ ሥርዓት ሥር አስገብቷል። ባለቤቱ የሰጠው ፈቃድ ወሰን ተጽፎ ሲገኝ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ኮምፒውተሩ ከጥገና ሲመለስ፣ በተለይ የመግቢያ ቃሉ ለባለሙያው ተነግሮ ከነበረ፣ የኢሜይልና ከገንዘብ ጋር የተያያዙ አካውንቶችን የይለፍ ቃል መለወጥ ያስፈልጋል።

የማይመለሰውን በተቋማት በኩል መተካት

የይለፍ ቃሉ ሊመለስ ካልቻለ በአዲስ መተካት ነው። አብዛኞቹ የአገልግሎት ሥርዓቶች በመግቢያ ገጻቸው ላይ የይለፍ ቃል ለረሳ ሰው የተዘጋጀ ምርጫ አላቸው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩንም ተገልጋዩ ሲመዘገብ ወደሰጠው ስልክ ወይም ኢሜይል ይልካሉ። መንገዱ የሚዘጋው የተመዘገበው ስልክ ከተቀየረ፣ ወይም ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥመው፣ ማመልከቻውን የሞላው ሰው በራሱ ስልክና ኢሜይል አስመዝግቦት ከሆነ ነው። ስለዚህ የጠፋ ሲም ካርድን በኢትዮ ቴሌኮም የሽያጭ ማዕከል በመታወቂያ ማስመለስ ከኮምፒውተሩ ጥገና መቅደም አለበት። ቁጥሩ ከተመለሰ ቀሪው ሁሉ ተከትሎ ይመለሳል።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመዘገበ ሰው መረጃው በኮምፒውተሩ ላይ የተመሠረተ አይደለም። 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥሩ ለሰውየው የተሰጠና የማይቀየር ሲሆን፣ ቁጥሩ የተላከበት አጭር መልእክት ከጠፋ ምዝገባውን ሳይደግም በተመዘገበበት ስልክ አማካይነት መልሶ ማግኘት ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ መመዝገብ ሌላ ቁጥር አያስገኝም፤ ሥርዓቱ የጣት አሻራንና የዓይን ምስልን በማነጻጸር ድጋሚ ምዝገባን ይለያልና።

ፓስፖርት ያመለከተ ተገልጋይ የማመልከቻ ቁጥሩን በኢሜይሉ፣ በ‹ዳውንሎድስ› ፎልደርና በስልኩ መልእክቶች ውስጥ ቢፈልግ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ካላገኘው የክፍያ ማረጋገጫውንና መታወቂያውን ይዞ በድሬዳዋ ለሚገኘው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቅርንጫፍ ማቅረብ ይችላል። ነጋዴ ደግሞ 10 አኃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ከያዘ የንግድ ምዝገባው በዚያ ይገኛል። ቁጥሩ በንግድ ፈቃዱ፣ በምዝገባ ምስክር ወረቀቱና በደረሰኞቹ ላይ ታትሞ የሚገኝ ነው። ያለ ቅጣት የንግድ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት የተበላሸበት ነጋዴ ጥገናውን መጠበቅ የለበትም፤ ከሌላ ኮምፒውተር የይለፍ ቃሉን ለውጦ ወይም በንግድ ቢሮው በአካል ቀርቦ እድሳቱን መፈጸም፣ የብራውዘሩን ጉዳይ ለኋላ ማቆየት ይሻለዋል።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና እና የከተማዋ የጉምሩክ ሥራ በኤሌክትሮኒክ ሰነድ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ የአስመጪዎችና የጉምሩክ አስተላላፊዎች ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአንድ መስኮት አገልግሎቱ ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲሆን፣ በውስጡ የቀረበ ሰነድ በማዕከል ይቀመጣል። ነገር ግን በአንድ ድርጅት ውስጥ ሦስትና አራት ሠራተኛ በአንድ ኮምፒውተር በተቀመጠ አንድ የይለፍ ቃል ሲሠሩ የነበሩ ከሆነ፣ ብልሽቱ ሁሉንም ሥራ በአንድ ቀን ያቆማል፤ ዕቃውም በመጋዘን ሲቆይ ወጪው ይጨምራል። ለየሠራተኛው የራሱ መለያ ማስከፈት ይህን ያስቀራል።

በኢንተርኔት አገልግሎት ቤት የተሞላ ማመልከቻ

በከዚራ፣ በመጋላም ሆነ በሳቢያን የጽሕፈትና የኢንተርኔት አገልግሎት በሚሰጡ ቤቶች ማመልከቻ ያስሞላ ሰው፣ የቤቱ ኮምፒውተር ቢበላሽ ከላይ ከተዘረዘሩት መንገዶች ብዙዎቹ አያገለግሉትም። ኮምፒውተሩ የእርሱ አይደለም፣ ቅጂም የመውሰድ መብት የለውም፣ ብራውዘሩም በየደንበኛው መካከል የሚጸዳ ሊሆን ይችላል። መጽዳቱ ለደንበኛው ጥቅም ነው፤ በሕዝብ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል እንዲቀመጥ መፍቀድ ለቀጣዩ ደንበኛ እንደመስጠት ይቆጠራልና። ስለዚህ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የማመልከቻ ቁጥሩ የታተመበትን ወረቀት መቀበል፣ ምዝገባው በራሱ ስልክ መደረጉን ማረጋገጥ፣ ከአካውንቱም መውጣቱን ማየት አለበት። አገልግሎት ሰጪው ለሥራ ቅልጥፍና ሲል የራሱን ኢሜይል ለብዙ ደንበኞች የሚጠቀም ከሆነ ደንበኛው አለመቀበል ይኖርበታል። ኢሜይል የሌለው ሰው በስልኩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በነፃ መክፈት ይችላል።

ከብልሽት በፊት

ድሬዳዋ ሞቃታማ ከተማ ናት፤ አቧራውም ቀላል አይደለም። የኮምፒውተሩ ማናፈሻ በአቧራ ሲደፈን ሙቀቱ ከመጠን ያልፍና ማሽኑ ራሱን በድንገት ይዘጋል፤ ፋይል እየተጻፈ ሳለ የሚመጣ መዘጋት ደግሞ የብራውዘርን መዝገብ ከሚያበላሹት ዋነኛው ነው። በየጥቂት ወሩ ማናፈሻውን ማስጠረግ፣ ላፕቶፕን በፍራሽና በትራስ ላይ አስቀምጦ አለመሥራት፣ ዴስክቶፕ ለሚጠቀም ደግሞ መብራት ሲሄድ ፋይል ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ የሚሰጥ ዩፒኤስ መግጠም ወጪው ከአንድ ጥገና ብዙም አይርቅም። ስታቢላይዘር የኃይል መዋዠቅን ይከላከላል እንጂ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን አያቆየውም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ቡክማርክን ከብራውዘሩ እንደ ፋይል አውጥቶ በፍላሽ ማስቀመጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። የይለፍ ቃላትንም በተመሳሳይ መንገድ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚወጣው ፋይል ያልተቆለፈ፣ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው። በዴስክቶፕ ላይ መተው፣ በቴሌግራም ለራስ መላክ ወይም ቢሮ ውስጥ በሚዞር ፍላሽ ላይ ማኖር አይገባም። ለሥራው የተለየ ፍላሽ ተጠቅሞ በተቆለፈ መሳቢያ ማኖር፣ በኮምፒውተሩ ላይ የቀረውንም ፋይል ከመጣያው ጭምር ማጥፋት ያስፈልጋል። ብዙ የይለፍ ቃል ለሌለው ሰው የማመልከቻ ቁጥሮቹን፣ የግብር ከፋይ መለያውንና የትኛው አካውንት በየትኛው ስልክና ኢሜይል እንደተከፈተ በአንድ ደብተር ጽፎ ከቤተሰቡ ሰነዶች ጋር ማኖሩ ይበቃዋል። የይለፍ ቃሎቹ ራሳቸው በዚያ ደብተር ላይ መጻፍ የለባቸውም፤ ስልኩና ኢሜይሉ እስካሉ ድረስ በአዲስ መተካት ይቻላል።